ከግሸን ድንጋይ ዘይት ይወጣልን?

ግሸን ማርያም የተመሠረተችበት የአምባሰል ተራራ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቆ ከረጋ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ ዘይት የለውም። ነገር ግን አንዱ ንጣፍ ፈስሶ ሌላው እስኪደርብበት ድረስ በአንዳንድ ስፍራ ሐይቅና ረግረግ ነበረ፤ በዚያ የተቀበረው ዕፀዋት በውጫሌ አካባቢ የድንጋይ ከሰል ሆነ። በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ ደግሞ ከከሰሉ ጋራ ዘይት አዘል ሼል ተገኝቷል።

ሼል ከደቃቅ ጭቃ የተሠራ፣ እየተላጠ የሚነሣ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ግን ዘይት ሳይሆን ኬሮጅን የሚባል፣ በውኃ ውስጥ የበቀሉ ደቃቅ ዕፀዋት ቅሪት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ተቆፍሮና ተሰባብሮ አየር በማይገባበት ምድጃ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ እንፋሎቱም እንደ አረቄ በቧንቧ ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል።

ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ማሞቂያው ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ ጢሱ አየሩን ይበክላል፤ ሥራው ብዙ ውኃ ይሻል። የድንጋዩም አብዛኛው ክፍል አመድ ሆኖ ይቀራል። ከመቶ ዓመት በላይ ሼል የቆፈረችው ኢስቶኒያ በኮኽትላ ያርቬ ከተማ አጠገብ የአመድ ኮረብታዎች አሏት። ዝናብ ሲያጥባቸው መርዙ ወደ ውኃ ይወርዳል።

እንግዲህ በደጋችን ሼል ሲገኝ፣ «ስንት በርሜል ይወጣዋል?» ከማለት አስቀድሞ «ውኃው ከማን ምንጭ ይቀዳል? አመዱስ የት ይደፋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አገራችን ተዳፋት ናትና ከላይ የተጣለው ሁሉ ከታች ላለው ገበሬ ይደርሰዋል።