ኮምፒዩተር ሲጠይቀን እንዴት እንመልስ?



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ትንሽ ጉዳት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለክፍል የሚቀርብ ድርሰት በኮምፒዩተር ስጽፍ ቈይቼ ደወል ተደወለ። ቸኩዬ ጽሑፉን ልዘጋ ስል በስክሪኑ መካከል አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለችና የጻፍኸውን ላስቀምጥልህን? ስትል ጠየቀችኝ። በውስጧም «አስቀምጥ»፣ «አታስቀምጥ»፣ «ተመለስ» የሚሉ ሦስት አዝራሮች ነበሩ። እኔም ሳላነብ እንተር የተባለውን ቁልፍ መታሁ። ነገር ግን ጣቴ አስቀድሞ ታብ የሚባለውን ቁልፍ ነክቶ ኖሮ ሳጥኗ ተዘጋች፤ የሁለት ሰዓት ድካሜም አብሯት ጠፋ።

መኪናውን ስረግም የሰሙት አስተማሪዬ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እርሱ የታዘዘውን ፈጸመ፤ አንተ ግን ለየትኛው አዝራር እንዳዘዝህ አላየህም» አሉኝ። ነገሩ ስለ ከነከነኝ ጠይቄም አንብቤም የተረዳሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ሳጥኗ ምን እንደ ሆነች እንመልከት። ኢንጂነር አያና ብሩን በመሳሰሉ ሰዎች ጥረት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና በተዘጋጀበት ዘመን መኪናው ጸሓፊውን የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም፤ የተመታው ፊደል ወዲያው በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ኮምፒዩተር ግን ብዙ ሥራ የሚሠራ ስለ ሆነ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ይህን ጥያቄ በሥዕልና በመስኮት ማቅረብ በሰፊው የታወቀው ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ ስታር የሚባለውን ኮምፒዩተር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1981፣ አፕል የተባለው ደግሞ ሊዛን በ1983፣ ማኪንቶሽን በ1984 ለገበያ ካወጡ በኋላ ነው። እንዲህ ያለችውን ሳጥን እኔ በዚህ ጽሑፍ የመጠየቂያ ሳጥን እላታለሁ።

በአዝራሩ ላይ የሚጻፈው ቃል ራሱ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአፕል ሰዎች ሊዛን ሲሠሩ በአዝራሩ ላይ «ዱ ኢት» ማለትም «ፈጽመው» ብለው ጽፈው ነበር። ለሙከራ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ ግን ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ «ዶልት» ብሎ አነበበው፤ ይህም በእንግሊዝኛ ደደብ ማለት ነው። ሰውየው መኪናው የሰደበው መስሎት ስለ ተቈጣ ቃሉ ተለውጦ ዛሬ የምናውቀው «ኦኬ» ገባ።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ወደ ትኩረት እንለፍ። በሳጥኗ ውስጥ ብዙ አዝራሮችና ምርጫዎች ቢኖሩም በአንድ ጊዜ የኪቦርዱን ትእዛዝ የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው። አባቶቻችን በተጠየቅ ሙግት ሲከራከሩ ተራው የደረሰው ተሟጋች ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። እንዲሁም በሳጥኗ ውስጥ ተራው የደረሰው አዝራር ትኩረት አለው ይባላል። ይህም ዙሪያውን በሚታይ ቀጭን መሥመር፣ በነጠብጣብ ክፈፍ ወይም በቀለም ለውጥ ይታወቃል፤ መጻፊያ ቦታ ከሆነም ብልጭ ድርግም የምትል ቋሚ መሥመር ትታያለች። እኔ ያላየሁት ይህን ምልክት ነበር።

ትኩረቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ታብ ነው። ወረዳችን ጋዝጊብላን ጨምሮ ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት አገር ሁሉ ጀሪካን በተርታ ተደርድሮ እንደሚቀርብ፣ ታብም በተመታ ቍጥር ተራው ለቀጣዩ ይደርሳል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ሺፍትን ይዞ ታብን የመታ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደብዝዞ የሚታይ ምርጫ ለጊዜው የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ እንዳልመጣ ጀሪካን፣ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። አንዳንዷ ሳጥን ካልተመለሰላት በቀር ከበስተጀርባዋ ያለውን ሥራ አታስነካም፤ ስትዘጋ ግን ትኩረቱ ወደ ነበረበት ቦታ መመለስ ይገባዋል።

የምርጫዎችም ዓይነት ይለያያል። አራት ማዕዘን የሆነችው ትንሽ ሳጥን ለብቻዋ የቆመች ናት፤ ከብዙዎቹ አንዷን፣ ሁለቷን ወይም ሁሉንም ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ምልክቱም በስፔስ ባር ይደረጋል፣ በዚያው ይነሣል። ክብ የሆነው ምርጫ ግን ከጓደኞቹ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንዱ ሲመረጥ ሌላው ወዲያው ይለቃል። በእንግሊዝኛ በሬዲዮ ስም የተጠራውም ስለዚህ ነው፤ በድሮ መኪናዎች ሬዲዮ ላይ አንዱን ጣቢያ ለማግኘት አዝራር ሲጫኑ ቀድሞ የተጫነው ተስፈንጥሮ ይወጣ ነበርና።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከዚህ ላይ ልብ አድርጉ! ክብ ምርጫዎች በታብ አንድ በአንድ አይታለፉም፤ መላው ቡድን እንደ አንድ ተራ ይቈጠራል። በቡድኑ ውስጥ የሚያዘዋውሩት የቀስት ቁልፎች ናቸው። ችግሩም ቀስቱ ትኩረቱን ብቻ ሳይሆን ምርጫውንም ይዞ መሄዱ ነው። አንድ ተማሪ ለጥያቄ «ለ» የሚለውን ከመረጠ በኋላ ገጹን ዝቅ አደርጋለሁ ብሎ የታች ቀስቱን ቢመታ መልሱ ወደ «ሐ» ይዞራል። ድምፅ አይሰማም፤ ማስጠንቀቂያም አይመጣም።

ይህ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒዩተር በቤቱ ያለው የከተማ ልጅና በሳምንት አንድ ጊዜ ኪቦርድ የሚነካ የዋግ ልጅ በአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። ዓመቱን ሙሉ በኩራዝም በባትሪም ብርሃን አጥንቶ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ቀስት ባለማወቁ ነጥብ ቢያጣ እንዴት ያሳዝናል! የፈተናው ፕሮግራም እንደ አሠራሩ ሊለያይ ስለሚችል ከፈተናው በፊት የሚሰጠውን መለማመጃ በጥሞና መሞከር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የተለመደው ሥርዓት ከላይ የተናገርነው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሦስቱ ወሳኝ ቁልፎች እንናገር። ኤስኬፕ ብዙውን ጊዜ «ተመለስ» ማለት ነው፤ ሳጥኗን ምንም ሳይፈጽም ይዘጋታል። ስፔስ ባር ትኩረት ያለውን አዝራር ይጫናል። እንተር ደግሞ ጎላ ብሎ የተከበበውን ዋናውን አዝራር ያስፈጽማል፤ በዊንዶውስ ግን ትኩረቱ በሌላ አዝራር ላይ ከሆነ የሚፈጸመው ያ ሌላው ነው። የእኔም ድርሰት የጠፋው በዚሁ መንገድ ነው፤ ታብ ትኩረቱን ከ«አስቀምጥ» ወደ «አታስቀምጥ» አሻገረው፣ እንተር ፍርዱን ፈጸመ።

ሌላም አደጋ አለ። ዐይኑን በወረቀት ላይ ጥሎ በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ሳጥን ብቅ ብላ ትኩረቱን ልትነጥቀው ትችላለች። እርሱ በቃላት መካከል ክፍተት ለማድረግ ስፔስ ባርን ሲመታ፣ ያላነበበውን ጥያቄ «እሺ» ብሎ መለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሲጽፉ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ስክሪኑን ማየት መልካም ልማድ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የተጠቃሚው ነው ማለቴ ግን አይደለም። ፕሮግራም ሠሪውም ግዴታ አለበት። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1987 የቁልፎቹ አሠራር በየፕሮግራሙ እንዳይለያይ ደንብ አውጥቶ ነበር። በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ መመሪያም ትኩረቱ በግልጽ እንዲታይ፣ ቅደም ተከተሉ ትርጉሙን እንዲጠብቅ፣ ተጠቃሚውም ገብቶ እንዳይወጣ እንዳይታገድ ያዛል። አስተዋይ ሠሪ ነገር የሚያጠፋ ጥያቄ ሲያቀርብ ትኩረቱን አስቀድሞ በ«ተመለስ» ላይ ያሳርፋል፤ ቸኩሎ እንተርን የመታ ሰው እንዳይጐዳ ነው። በአዝራሩም ላይ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ከመጻፍ ይልቅ «ፋይሉን አጥፋ» ብሎ ሥራውን በስሙ ይጠራዋል።

ይህን ደንብ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት ዐይነ ስውራን ወገኖቻችን ናቸው። እነርሱ ማውዝን አይከተሉም፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2006 በአውስትራሊያ ሥራው እንደ ተጀመረው ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ትኩረቱ ያረፈበትን በድምፅ ያነብላቸዋል። ታብ ሲመቱ «አስቀምጥ፣ አዝራር» ብሎ ይነግራቸዋል። ስም ያልተሰጠው አዝራር ከሆነ ግን «አዝራር» ብቻ ይላቸዋል፤ ይህም ጽሑፍ በሌላቸው በሮች ፊት እንደ መቆም ነው። እንግዲህ ከእኛ መካከል ነገ ፕሮግራም ሠሪ የሚሆን ቢኖር ይህን አይርሳ።

ጽሑፌን ከመዝጋቴ በፊት የሚከተሉትን ምክሮች አስታውሳለሁ። አንደኛ፣ ሳጥኗ የምትለውን ሳታነቡ እንተርን አትምቱ። ሁለተኛ፣ ትኩረቱ የት እንዳለ በዐይናችሁ ፈልጉ። ሦስተኛ፣ ከተጠራጠራችሁ በኤስኬፕ ተመለሱ። አራተኛ፣ ክብ ምርጫ ከመረጣችሁ በኋላ ቀስት ከመንካታችሁ በፊት በታብ ከቡድኑ ውጡ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ከማለፋችሁም በፊት ምርጫችሁን እንደገና ተመልከቱ። አምስተኛ፣ የምትጽፉትን በየጊዜው ኮንትሮልና ኤስን በአንድነት ተጭናችሁ አስቀምጡ።

ማውዝ በሌለበት ኮምፒዩተር ሁለት ሁለት እየሆንን በእረፍት ሰዓት ብንለማመድ ግማሽ ሰዓት ይበቃናል። እኔ ድርሰቴን እንደገና ጻፍሁት። ሁለተኛው ከፊተኛው ተሽሎ ተገኘ፤ ሆኖም የመልስ ወረቀት እንደ ድርሰት ተመልሶ አይጻፍም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በኮምፒዩተር ፊት ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምምና ረጋ ብለን እንመልስ።