ካርቡሬተሩ በተለወጠ ማግስት ሞተሩ ለምን ይተኩሳል?

ዘንድሮ በመካኒክ ክበባችን ብዙ ያከራከረን ጥያቄ ይህ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ሞተር ካርቡሬተሩ ሲቀየር «ጧ! ጧ!» ማለት የሚጀምረው ለምንድን ነው? ከወላጆች አንዱ ባለ 1600 ሲሲ አሮጌ ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። ካርቡሬተሩን የለወጠላቸው ጋራዥ «ቫልቭ ተቃጥሏል፤ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» ብሏቸዋል። የተጠየቁት ገንዘብ ደግሞ የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ያህላል።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ከማርሚታ ከሆነ፣ ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ተቀጣጥሏል ማለት ነው። በካርቡሬተሩ በኩል ካስነጠሰ ግን ብዙውን ጊዜ አየሩ በዝቷል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ በጣም ሲበልጥ ድብልቁ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ የማስገቢያው ቫልቭ እንደገና ሲከፈት እሳቱ ገና ስላልጠፋ ነበልባሉ ወደ ላይ ይመለሳል። በአጠገቡ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ካለ መኪናው በሙሉ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ እሳት ማጥፊያ ይቅረብ፤ ሞተሩ እየሠራ ማንም ፊቱን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ አይድፋ።

ይህ ቮልስ የሚያስነጥሰው ከላይ ነበር፤ ያውም ነዳጅ ሲረገጥ። አንዳንዶቻችን «ካርቡሬተሩ ከሞምባሳ ስለመጣ የናይሮቢ ከፍታ አልተስማማውም» አልን። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብስ ነበር። የእኛ ካንዴላዎች ነጣ ያሉ ነበሩ።

ቀጥለን የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ለካን፤ ተቀራራቢ ሆነ። ቫልቭ ቢቃጠል ኖሮ አንዱ ዝቅ ይል ነበር። የካንዴላ ሽቦዎቹም በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ቅደም ተከተላቸው ናቸው። ሞተሩን አጥፍተን ነዳጅ መስጫውን ስናንቀሳቅስ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ተረጨ፤ ፓምፑም ጤነኛ ነው። ከኮይሉ 15 ቁጥር የሚመጣውን ሽቦ ነቅለን ስንመልስ የሥራ ፈት ቤንዚን መዝጊያው «ጠቅ» አለ። ይህ ሽቦ ተረስቶ ቢቀር ሞተሩ ነዳጅ ሲለቀቅ ይጠፋል።

የቀረው የአየር ሌባ ነው። ሞተሩን አስነስተን በካርቡሬተሩ እግር ዙሪያ ጥቂት ውሃ ረጨን። በግራ በኩል ውሃው ሲነካው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ፈተን ስናየው አሮጌው ጋስኬት እዚያው ተትቷል፤ አንዱ ዳዶም ከሌላው ላልቶ ነበር። ወደ ዲስትሪቢዩተር የምትሄደው ቀጭን የአየር ቱቦም ተሰንጥቃለች። እሷ ስትሰነጠቅ ነዳጅ ሲረገጥ ብልጭታው በጊዜው አይቀድምም፤ ሞተሩም ይንገታገታል።

አዲስ ጋስኬትና ግማሽ ሜትር ቱቦ ገዛን፤ ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቅን እኩል አጠበቅን። ተኩሱ ቆመ። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ግን አሁንም አንድ ሁለቴ ያስነጥሳል፤ አውቶማቲክ ቾኩን ገና አላስተካከልነውም።