ጠጠሩ ምንጣፍ እንዳይመስል፦ ከአንድ የስልክ ፎቶ ስፌት አልባ ቴክስቸር መሥራት

ፒያሳ ያደግኩበት ሰፈር በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፈረሱት አንዱ ነው። እኔና እናቴ ሳንታ ሞኒካ ስለምንኖር ሲፈርስ አላየንም። እጃችን ላይ ያለው የአክስቴ ልጅ ከመፍረሱ በፊት በስልኩ ያነሳቸው ጥቂት ፎቶዎች ብቻ ናቸው። ከእነሱ ተነስቼ ከቤታችን በር እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ በብሌንደር በ3ዲ መሥራት ጀመርኩ። ሐሳቤ እናቴ በስልኳ ከፍታ እንድትሄድበት ነበር።

ግንቡ፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የብረት በሩ ብዙም አላስቸገሩኝም። መሬቱን ግን አንዱን ፎቶ ቆርጬ ደጋግሜ አነጠፍኩትና ለእናቴ አሳየኋት። ትንሽ አይታ፣ «ይሄ ኮረኮንቹ ነው? ምንጣፍ አነጠፍክበት እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንድ ነጣ ያለ ጠጠር በየ1 ሜትሩ እንደ ወታደር ተሰልፎ እስከ አስፋልቱ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ያንን ምንጣፍ እንዴት ወደ ጠጠር እንደመለስኩት ያስረዳል። ዘዴው ለጌም፣ ለአርክቴክቸር ሥዕል፣ ለአኒሜሽንም ያው ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደግማለን?

መልሱ ሜሞሪ ነው። መንገዱ 60 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት አለው እንበል። እያንዳንዱን ሚሊ ሜትር በአንድ ፒክስል ብንወክል 240 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። አንድ ፒክስል 4 ባይት ሲይዝ ወደ 960 ሜጋ ባይት መጣ ማለት ነው፤ ያውም ለመሬቱ ቀለም ብቻ። በአንጻሩ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቁራጭ በ1024 በ1024 ፒክስል 4 ሜጋ ባይት ብቻ ይፈጃል። ስለዚህ ትንሽ ቁራጭ እናዘጋጅና እንደ ሴራሚክ እየደጋገምን እናነጥፋለን። ችግሩ ሴራሚክ መገጣጠሚያው ቢታይ አያሳፍርም፤ ጠጠር ግን ያሳፍራል።

ፎቶውን ማዘጋጀት

ከፎቶዎቹ አንዱ መሬቱን ብቻ የሚያሳይ ነው። ሳይታሰብ የተነሳ ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ የአክስቴ ልጅ ጫማ ገብቷል። ጫማው ጠቀመኝ። ቁጥሩን ስጠይቀው 42 አለኝ፤ የውጭ ርዝመቱን 29 ሳንቲ ሜትር ገምቼ የጠጠሮቹን ትክክለኛ መጠን አወጣሁ። መጠኑ ከተሳሳተ ጠጠሩ ወይ አሸዋ ወይ ድንጋይ ይመስላል። እናንተ ስታነሱ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም ጠርዝ ላይ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ጥላ ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በ3ዲ ዓለማችሁ ፀሐይዋን በስተቀኝ ብታደርጓትም ጠጠሮቹ በስተግራ ያለች ሌላ ፀሐይ ያስታውሳሉ። ስለዚህ ደመናማ ቀን ምረጡ። አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ ለዚህ ምቹ ነው፤ ብቻ መሬቱ ደርቆ ይሁን፣ እርጥብ ጠጠር ይጠቁራል፣ ያብለጨልጫልም። እዚህ ሳንታ ሞኒካ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚመጣው ደመና ጥላ የሌለው ልስልስ ብርሃን ይሰጣል። ለሙከራ ያነሳሁት ጠጠር ሁሉ በእሱ ነው።

ያ ጠጠር ግን ለፒያሳ አልሆነም፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። አዲስ አበባ የቆመችው በእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ ስለሆነ የመንገዷ ድንጋይ በአብዛኛው ጥቁር ግራጫ ባዛልት ነው። እንደ ፖሊ ሄቨንና አምቢየንትሲጂ ያሉ በነጻ የሚሰጡ ስብስቦችንም አየሁ፤ ጥራታቸው ግሩም ነው፣ የኛን ኮረኮንች የሚመስል ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ ማዳን ነበረብኝ።

በሰፊው የተሰራጨ የብርሃን ልዩነትን፣ ለምሳሌ የፎቶው አንድ ወገን ጨለም ማለቱን፣ ማስወገድ ቀላል ነው። የፎቶውን ቅጂ በጣም ሰፊ በሆነ ራዲየስ አደብዝዙት፤ ይህን ከዋናው ላይ ቀንሱ፤ ከዚያ የፎቶውን አማካይ ቀለም መልሳችሁ ደምሩ። ጠጠሮቹ ይቀራሉ፣ ጨለማው ይሄዳል።

ስፌቱን መደበቅ

መነሻው ዘዴ ማንሸራተት ነው። ጊምፕ ውስጥ «ኦፍሴት» የሚባለውን ተጠቅማችሁ 1024 ፒክስል የሆነውን ምስል 512 ወደ ቀኝ፣ 512 ወደ ታች ግፉት፤ በአንድ ወገን የወጣው በሌላው ይገባል። አሁን የውጭ ጠርዞቹ በትክክል ይገጥማሉ፤ ፎቶው ላይ ጎን ለጎን የነበሩ ናቸውና። የማይገጥመው ስፌት እንደ መስቀል መሐል ላይ መጥቷል፤ እዚያ ማየትም ማከምም ይቻላል።

እንዴት ይታከም? ብዙ ጀማሪ ሁለቱን ወገን እያደበዘዘ ያቀላቅላል። ለደመናና ለአሸዋ ይሠራል። ለጠጠር ግን አይሆንም፤ ጠጠር ጥርት ያለ ጠርዝ ስላለው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚያሳልፍ ግማሽ ጠጠር ይፈጠራል። ጠጠርን መቁረጥ የሚገባው በጠጠሮቹ መሐል ባለው ክፍተት ነው።

ይህን በኮድ የሚሠራ የታወቀ ዘዴ አለ። አሌክሲ ኤፍሮስና ዊልያም ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ነው። ሁለት ቁራጮችን በከፊል አደራርቡ። በተደራረቡበት ቦታ ለእያንዳንዱ ፒክስል የቀለም ልዩነቱን ስኩዌር አስሉ። ከላይ እስከ ታች ድምሩ ትንሹ የሆነውን መንገድ ፈልጉና በእሱ ቁረጡ። መንገዱን ለማግኘት ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ በቂ ነው፦ በየረድፉ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ልዩነት ከላዩ ካሉት ሦስት ጎረቤቶች ከትንሹ ጋር ይደምራል፤ መጨረሻ ላይ ከታች ተነስቶ ወደ ኋላ መከተል ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጥገናውን በጥለቱ መስመር እንደሚደብቅ፣ መቁረጫው በድንጋዮቹ መሐል ባለው ጥላ እየተጠማዘዘ ያልፋል።

እኔ ይህን በፓይተን ጽፌ ስፌቱን ብቻ አልደበቅኩም። የ1 ሜትሩን ፎቶ ቆራርጬ በአዲስ ቅደም ተከተል በመስፋት 2 ሜትር በ2 ሜትር አደረስኩት። ድግግሞሹ ከ240 ወደ 60 ወረደ።

ዓይን የሚይዘው ድግግሞሽ

ስፌቱ ቢጠፋም ምንጣፍነቱ አልጠፋም፤ ነጩ ጠጠር አሁንም አለ። የሰው ዓይን ተለይቶ የሚታይን ነገር በፍጥነት ይቆጥራል። ስለዚህ ምስሉን 4 በ4 አድርጋችሁ አንጥፉና ራቅ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ዓይናችሁን የሳበውን ጠጠር በሌላ ተኩት። ነጩ፣ ቅጠሉ፣ የቆርኪ ክዳኑ፣ ሁሉም ይውጣ። ቆርኪው ከተፈለገ ለብቻው ሞዴል ተደርጎ አንድ ቦታ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ሼደሩ ነው። ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመውን ኖይዝ በብዙ ሜትር ስፋት ዘርግታችሁ የቀለሙን ድምቀት በትንሹ ከፍና ዝቅ አድርጉ። አንዱ ቦታ አቧራማ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ይሆናል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። አቅም ያለው መሣሪያ ላይ ደግሞ ኤሪክ ሃይትዝና ፋብሪስ ኔሬ በ2018 ያቀረቡትን ሞክሩ፦ መሬቱን በሦስት ማዕዘኖች ከፍሎ በየማዕዘኑ ከቴክስቸሩ የተለያየ ቦታ ያነብባል። በአንድ ንባብ ፈንታ ሦስት ስለሚያስፈልግ በርካሽ ስልክ ላይ ሳትለኩ አትጠቀሙበት። እኔ በኖይዙ ቀረሁ።

ብርሃንና ርቀት

ቀለም ብቻውን ለጥ ያለ ፎቶ ነው። ጂም ብሊን በ1978 እንዳሳየው፣ ገጹን ሳናንቀሳቅስ አቅጣጫውን ብቻ ለብርሃኑ ስሌት ብንለውጥ ወጣ ገባ ይመስላል። የዛሬው ኖርማል ማፕ የዚህ ልጅ ነው። ከእሱ ጋር ሸካራነትን የሚገልጽ ማፕ ይጨመራል፤ ለደረቅ ጠጠር ከ0.8 በላይ ጥሩ መነሻ ነው፣ ሲረጥብ ዝቅ ይላል። ሁሉም ማፖች በአንድ መቁረጫ መስመር መሠራታቸውን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ቀለሙ አንድ ጠጠር፣ ብርሃኑ ሌላ ጠጠር ያሳያል።

በመጨረሻም ሚፕማፕን አትርሱ። ላንስ ዊልያምስ በ1983 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ምስሉን በየደረጃው በግማሽ እያሳነሰ ያስቀምጣል፤ የ2048 ምስል እስከ 1 ፒክስል 12 ደረጃ አለው። ሜሞሪውን በሲሶ ቢጨምርም፣ ካልተደረገ ሩቅ ያለው ጠጠር እየተራመዳችሁ ሳለ ይርገበገባል። ለስልክ ደግሞ በኤኤስቲሲ ጨምቁት፤ ባለ4 በ4 ሳጥኑ 16 ሜጋ ባይቱን ወደ 4 ያወርደዋል።

ሁለተኛው ምርመራ

ባለፈው እሑድ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ስለ ምንጣፍ አላነሳችም። በዝግታ ከበሩ ወጥታ እስከ ጥጉ ሄደችና ቆመች። «እዚህ ጋ ጎድጎድ ይላል። ክረምት ክረምት ውኃ ይቋጥር ነበር፤ ጡብ ደርድረን ነበር የምንሻገረው» አለች።

ፎቶዎቹን መልሼ አየኋቸው፤ ያ ቦታ በአንዳቸውም ላይ የለም። አሁን የከፍታ ማፑ ላይ በእሷ ምሪት ጉድጓዱን እየቆፈርኩ ነው። እናንተ ግን ሰፈራችሁ ገና ካለ፣ በደመናማ ቀን ስልካችሁን ወደ መሬት አዙሩ። የሁሉም ሰው ፎቶ አልበም ፊትና ቤት ሞልቶበታል፤ የረገጥነውን ያነሳ ግን ጥቂት ነው።