የጀልባ ሞተር ነዳጅ መስጫ

ከአምቦ በስተደቡብ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የወንጪ ሐይቅ ይገኛል። በደሴቱ ላይ ወዳለው ቂርቆስ ገዳም ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነው። በእንጨት ጀልባ ላይ የቤንዚን ሞተር ለመግጠም የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ነዳጅ መስጫው ማወቅ ይገባዋል።

ነዳጅ መስጫ ምንድን ነው? ነጂው በእጁ የሚገፋው ዘንግ ነው። ዘንጉ በልባስ ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ይስባል። ሽቦው የካርቡራተሩን ክዳን ይከፍታል። ያን ጊዜ አየርና ቤንዚን ይገባል፤ ሞተሩም ይፈጥናል።

ሲገጠም ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሽቦው በጠባቡ አይታጠፍ። የታጠፈ ሽቦ ይይዛል፤ ቶሎም ይበጠሳል።

ሁለተኛ፣ የልባሱ ሁለት ጫፎች በደንብ ይታሰሩ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ብሎኑ ይላላልና በየጊዜው ይጥበቅ።

ሦስተኛ፣ ክዳኑን የሚመልስ ሞላ ይኑር። ሽቦው ቢበጠስ ሞላው ክዳኑን ይዘጋል፤ ሞተሩም ቀስ ይላል። ሞላ ከሌለ ግን ጀልባዋ ሰው እንደጫነች በሙሉ ፍጥነት ከዳር ልትጋጭ ትችላለች።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። «ጋዝ ጨምርበት!» ቢባል የጎደለው ጉልበት አይመለስም። የሚሻለው ጭነት መቀነስ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ሽቦውን ፈታችሁ ክዳኑን በጣት ከፍታችሁ ልቀቁት። ራሱ ካልተዘጋ ሰው አትጫኑ።