የታወቀ ገጸ ባሕርይን በአዲስ ልቦለድ ማስነሳት ፈቃድ ይጠይቃል?

አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆልምስንና ገድሉን የሚተርክለትን ሐኪሙን ዋትሰንን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ደራሲው በ1930 ቢያርፍም ሁለቱ ወዳጆች በሌሎች ብዕር ዛሬም ወንጀል ይመረምራሉ። አንቶኒ ሆሮዊትዝ በ2011 ያሳተመው ልቦለድ የዶይልን ውርስ በሚያስተዳድረው ድርጅት ይሁንታ የተጻፈ ነው።

በአገራችንስ? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት ኢኮኖሚያዊ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መነሻ አድርጎ ስለ ጉዱ ካሳ አዲስ ልቦለድ ለማሳተም የሚያስብ የአዳማ ወይም የባቱ ጸሐፊ አስቀድሞ የባለመብቶቹን ፈቃድ በጽሑፍ ቢይዝ ይበጀዋል፤ አለዚያ የወራት ድካሙ ለክስ ሊዳርገው ይችላል።