ያውቁ ኖሯል? የአንገት ደም ቅዳን የሚጎዱት የራሳችን ጠባቂዎች ናቸው

ጣትዎን ከመንጋጋዎ ሥር፣ ከማንቁርትዎ ጎን በቀስታ ቢያሳርፉ የሚመታው ካሮቲድ ነው፤ ለአንጎል ደም የሚያደርስ ደም ቅዳ። ግድግዳው ውስጥ ኮሌስትሮል ሲጠራቀም ማክሮፋጅ የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ይገባሉ። ስቡን እየዋጡ፣ እየዋጡ ያብጣሉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አረፋ ይመስላሉ። ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። የሚያሳዝነው፣ የሚያመነጩት ኢንዛይም የስቡን ክምር የሸፈነውን ስስ ክዳን ይበላዋል። ክዳኑ ሲቀደድ ደም ይረጋበታል፤ የረጋው ተቆርሶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ያስከትላል። ስለዚህ የደም ቅዳው መጥበብ ብቻውን አደጋውን አይናገርም።

ማክሮፋጆቹ የሚያስነሱት መቆጣት ብግነት ይባላል፤ በልብ ደም ቅዳዎችም ይከሰታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ፣ ከ10,000 በላይ የልብ ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት፣ ኮሌስትሮልን ሳይቀንስ ብግነትን ብቻ የሚያበርደው ካናኪኑማብ የተባለ መድኃኒት ዳግም የሚከሰት የልብ አደጋን ቀንሷል።