«አንዴ ቆዩ» ማለት የሚቻልበት ቡድን



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአገራችን ገበሬው አዝመራው ሲደርስ ጎረቤቶቹን ደቦ ይጠራል። በደቦ ጊዜ አጫጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። እናትና አባታችሁ በሚውሉበት መሥሪያ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የአንዱ ሥራ ከሌላው ይለያል። ታዲያ ሥራቸው የተለያየ ሰዎች እንዴት አንድ ቡድን ይሆናሉ? እስቲ ከሆስፒታል አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐኪሙ፣ ማደንዘዣ ሰጪውና ነርሶቹ አብረው ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለእነዚህ ባለሙያዎች 19 ነጥቦች ያሉት የአንድ ገጽ ዝርዝር አወጣ። በዚህ መሠረት ቡድኑ ሦስት ጊዜ ቆም ይላል፦ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። በሽተኛው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ቦታ ነው? መርፌዎቹ ሁሉ ተቆጥረው ሞልተዋል? ይባላል። ደግሞም ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል።

«ስም መናገር ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። አንዴ አፉን የፈታ ሰው፣ በኋላ ችግር ሲያይ «አንዴ ቆዩ» ለማለት አይከብደውም። ዝርዝሩ በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ታትሟል። በፊት ከ1,000 ታካሚዎች 15 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ 8 ወረደ። ትንሽ ለውጥ አይደለም!

የእኔ ሙያ የሒሳብ ሥራ ነው። እኛም ዘንድ ቼክ የሚጽፈው ሰው የባንክ ማስታረቂያውን እንዲሠራ አይደረግም። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ የአንዱን ስሕተት ሌላው ዓይን እንዲያየው ነው።

ልጆች፣ እኛ ታላቅን ማክበር እንወዳለን። ይህን መልካም ልማድ አትተዉት። ግን አክብሮትና ዝምታ አንድ አይደሉም። በትምህርት ቤት የቡድን ሥራ ስትሠሩ ስሕተት ካያችሁ፣ «ይቅርታ፣ ይህን እንደገና ብናየውስ?» በሉ። የቡድን መሪ ከሆናችሁ ደግሞ ዝም ያለውን ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲናገርም አትሳቁበት። በሳቃችሁበት ቀን ደግሞ አይናገርምና።

ወላጆችም፣ «እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፣ ምን ይሉኛል» ብለን በሥራ ቦታ ያየነውን ችግር የምንውጥ አንጠፋም። የተሰባበረ ቋንቋ ይገባል፤ ያልተነገረ ነገር ግን ማንም አይሰማውም። አለቃ የሆናችሁም ችግር የነገራችሁን ሠራተኛ በሰው ፊት አመስግኑት። ያኔ ሌላውም ይደፍራል።

የቤት ሥራ፦ ልጆች፣ እናትን ወይም አባትን «በሥራ ቦታ ስሕተት ስታዩ ለማን ትናገራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአምስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ። «ባልደረባ»፣ «ድርሻ» እና «ይሉኝታ» የሚሉትን ቃላት መጠቀም አትርሱ።

ቸር ይግጠመን!